የሌለች ሴት ጠረን

በሚያኮ ደሴት ላይ ጀንበር ስታቆለቁል፣
ባሕሩ ሲረጋ፣ ነፋሱም ሲዝል፣
ኪዮታኬ ወጣ ባልዲ አንጠልጥሎ፣
"ዛሬስ ስንቱ ሞኝ ገባልኝ ይሆን?" ብሎ።

ቡናማ ጢንዚዛ፣ ከጥፍር የማይበልጥ፣
በጀርባው ሲያስተኙት ቀጭ ብሎ የሚገለበጥ፤
ሦስት ዓመት ከአፈር ሥር በጨለማ ኖሮ፣
የአገዳውን ጉንቁል ከሥሩ ቦርቡሮ፣
የሰው ልፋት በልቶ፣ የሰው ዕዳ ሆኖ፣
ለሳምንታት ፍቅር ይወጣል ክንፍ ሆኖ።

እሷ ሣር ሥር ሆና፣ ድምፅ የላት፣ ቀለም፣
ጠረን ትለቃለች፤ ከዚያ ሌላ የለም።
እሱ በአንቴናው ጫፍ ነፋሱን ያነብባል፣
ክሩን ተከትሎ ግራ ቀኝ ይሰፋል፣
ሲጠፋበት ዞሮ፣
ሲያገኘው ይከንፋል።

ዘንድሮ ግን ማሳው በቀጭን ቱቦ ታጥሯል፣
ከዳር እስከ ዳሩ የሷ ሽታ ሞልቷል፤
የላብራቶሪ ሽቶ፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣
ሺህ ሙሽራ ጠርቶ አንዷን የሸሸገ።

ተባዕቱ ከቅጠል ጫፍ ወጥቶ ተቀመጠ፤
አቅጣጫው ሁሉ "ና" ሲለው መንገድ አመለጠ።
እሷ አንድ ስንዝር ታች፣ ከእግሩ ሥር ካለው ሣር፣
ትጠራው ነበረ፣ ማታ ማታ፣ ጠብ የማይል ነገር።

ወጥመዱ ባዶ ነው። "ዜሮ" ብሎ ጻፈ፤
እንዲህ ያለ ዜሮ ስንት ዕዳ ገፈፈ!
አክስቱ ናቤ ግን፣ ማጭዷን እየሳለች፣
"መርዙስ ይሻለው ነበር፣ ይገድለዋል" አለች።

መልስ አልሰጣትም። ከቅጠል አንዱን አነሣና
በጀርባው አስተኛው፣ መዳፉን ዘረጋና።
ቀጭ!
ዘለለ፤ ጠፋ።

እጁን ወደ አፍንጫው ወሰደ፤ አሸተተ፤
የሺህ ሙሽራ ሽቶ ነፍሱን አልጎተተ፤
አፈር ብቻ፣ አፈር፣
ትንሽ የአገዳ ወዝ።