መከታ

በርበሬ ሲነግድ፣ ሲያስነጥስ ኖሮ፣
ጋሽ ይበልጣል ቡሬ ቤት ሠራ ዘንድሮ።
ቆርቆሮው ሲያበቃ በያጅ አስመጣና
ዳር ዳሩን አጠረ። «ምነው፣ በደህና?»
«ተጽፏል፤ መከታ ለጣራህ አድርግ፣ ቤት ስትሠራ አዲስ፣
ሰው ከላዩ ወድቆ ደሙ በደጅህ እንዳይፈስ።»

ጎረቤት ሳቀበት፦
«የጥንቱ ጣራ እኮ ሜዳ ነው፣ ያስተኛል፣
ተልባ ይሰጣበታል፤
ያንተ ጣራ ድመት ያንሸራትታል!»

ከማዘጋጃ ቤት በሞተር የመጣው
«ፕላኑ ላይ የለም» ብሎ ፎቶ አነሣው።
ቄሰ ገበዙም አሉ፦ «ይሄ ምሥጢር አለው፤
ጣራ ማለት ልብ ነው፣ መከታው ጾም ጸሎት።»
«ይሁን አባ» አለና
ብሎኑን አንድ ዙር ጨምሮ አጠበቀለት።

እኔ ዲሽ ተካይ ነኝ። ከጅጋ እስከ ቡሬ
ያልወጣሁት ጣራ የለም እስከ ዛሬ።
ደምበጫ ላይ አንዱ በሐምሌ ጣለኝና
ባለቤቱ ወጥቶ፦ «ዲሹስ፣ ዲሹ ደህና?»

እዚህ ቤት ስወጣ አላዳለጠኝም፤
ተአምር አላየሁም።
ብቻ ያንን ብረት ይዤ ቆየሁ እላይ፣
ሥራዬን ጨርሼ፣ እስክትጠልቅ ፀሐይ።
ቤት የሠራ ሁሉ ዝናቡን አስቧል፤
መውደቄን ያሰበ፣ እሱ ግን ይበልጣል።