ግጥምጥሞሽ

አከራይዋ ቀድማ በሩን ከፈተችው፣
"ግቡ፣ ግቡ" አለችን፣ መብራቱን አበራችው።
"ሸንተረሩ" ብለው ሰፈሩን የጠሩት
ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ጉብታ የሌለበት፣
ከዳላስ ወደ ሰሜን፣ በአርባ ደቂቃ ርቀት።

ልጄ ሚሬያ ናት ቤቱን የምታየው፣
አዲስ ፋርማሲስት ናት፣ ደሞዟም አዲስ ነው።
እኔ ኤልፊዲዮ፣ አባቷ ነኝ፣ ዋስ ነኝ፣
ለፊርማ ብቻ ነው ዛሬ የፈለጉኝ።

ብሬና ትባላለች፣ ሳቅ አይጎድልባትም፣
የምትቆጥረው ነገር አያልቅባትም፦
"ገንዳው ክረምት ይሞቃል፣ ጂሙ ሌሊት ክፍት፣
ውሻ እንኳ የራሱ መታጠቢያ አለው፣ ሙቅ ውሃ ያለበት።"
አውቃለሁ።
የውሻውንም ወለል እኔ ነኝ ያነጠፍኩት።

አላልኩም።

አምስት ዓመት ሆነው፤ ጣራው ገና ሳይለብስ፣
ከምድር እስከ አራተኛ ስወጣ ስመለስ፣
ተንበርክኬ ሠራሁ፤ ሁለት ጉልበት ነበረኝ፣
አንዱን እዚህ ትቼ አንዱ ነው የቀረኝ።

"ይህንን እዩልኝ" አለች፣ መታጠቢያ ቤት፣
"የጣልያን እብነበረድ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት፣
አንዱ ካንዱ ሲገጥም ክር አይገባበት።"
የባለሙያው እጅ ኪሴ ውስጥ ነበረ፣
የአሮጌ ፒክአፕ ቁልፍ እየደባበረ።
(እብነበረድ አይደለም። ካርቶኑን የከፈትኩ እኔ ነኝ፤
ሴራሚክ መሆኑን ማን ሊነግረኝ?)

ውሃ ልክ ይዤ ነው ግድግዳ ያቀናሁ፣
የሰው ጠማማውን በምን እለካለሁ?
ተቋራጩ ጠፋ፣ ስልኩም ተዘጋብኝ፣
የአሥራ አራት ቀን ደሞዝ በልቶ ሄደብኝ።

ወሬውን በሰማሁ ማታ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር፣
አንዷን ሴራሚክ ብቻ አዙሬያት ነበር፦
የሌሎቹ ጅማት ወደ ቀኝ ሲፈስ
የእሷ ወደ ግራ ነው፣ ወንዝ ሽቅብ ሲመለስ።
ቂም ይሁን፣ ፊርማ ይሁን፣ ዛሬም አልለየሁት፤
ጀርባዋ ላይ በእርሳስ ዕዳውን ጻፍኩት፣
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ፣ ሳንቲሙን አልተውኩት፣
ከዚያ በሲሚንቶ ለግድግዳው ሰጠሁት።

ሚሬያ ዳበሰችው፤ "ያምራል" አለች ቀስ ብላ።
ዓይኔ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። አለች።
ማንም ሰው አላያትም፣ ማንም አልነካትም፣
በጣቴ አንኳኳሁባት፣ ባዶ ድምፅ የላትም።
"ምነው አባዬ?" አለችኝ።
"ምንም። ጠንካራ ነው" አልኳት።

ቢሮ ወርደን ተቀመጥን፤ የወረቀቱ ብዛት!
ደሞዟ የኪራዩን ሦስት እጥፍ የሞላች ዕለት
እኔ ነፃ እወጣለሁ፤ እስከዚያው ድረስ ግን
ያቺ ሁለት ክፍል ቤቴ ዋስ ትሁንልን፣
ኩሽናዋ እስከ ዛሬ ባዶ ሲሚንቶ የሆነችው፣
ጊዜ አጥቼ፣ ጉልበት አጥቼ፣ ሳላነጥፍ የተውኳት፣ ያቺው።

ብሬና ገጽ ገልጣ፦ "እንግዳ አንከለክልም፣
ደንብ ግን አለ፣ በዓመት ከአሥራ አራት ቀን አይበልጥም።"
"ስንት?" አልኳት።
"አሥራ አራት።"

ሳቄ መጣ። ሳቅኩኝ። ልጄ ደነገጠች፣
ብሬና ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።
ሳይታሰብ፣ ሳይለፉበት፣ እንዲህ ነው ቤት ሲመታ!
ያልከፈሉኝ፣ የፈቀዱልኝ፣ ገጠሙ በአንድ ቦታ።
አቀብላኝ እስክሪብቶውን፣ ሳላነብ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ዕቃዋን አስገባን፤ ሶፋው ላይ አደርኩ፣
ጠዋት ገላዬን ስታጠብ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣
ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ መቁጠር ጀመርኩ፦

አንድ።