ከአንድ እስከ አምስት

ከታርቱ ደወለች ወጣቷ ሐኪም፤
ድምፅዋ እንደ እንግዳ ነው፣ በር ገፍቶ አይገባም።
«ወይዘሮ ማይሙ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላዎት፤
ለጥናት ነው፣ ጥቂት ልጠይቅዎት።
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይስጡኝ፤
አንድ ‹ከፋኝ› ነው፣ አምስት ‹ተመቸኝ›።»

ጓሮ ነበርኩ፤ ዓሣ በጥድ ጭራሮ እያጨስኩ፣
ስልኩን በጆሮና በትከሻዬ አጣብቄ ያዝኩ።

«እንቅልፍዎ?»
ሦስት በይው።
«ጉልበትዎ?»
ከጠዋቱ ክኒን በፊት አንድ፣ ከክኒኑ በኋላ አራት፤
መሐሉን ምን ልበለው? መሐሉ ላይ ነው የኖርኩት።

መነሻውን አልጠየቀችኝም፤ መዝገቡ ያውቀዋል፦
ከአንጎሌ ግርጌ ምስር የምታህል ዕጢ በቅላ፣
በኩላሊቶቼ አናት የተደፉትን ሁለት ቆቦች
ሌት ተቀን ስታዛቸው፣ ስታሯሩጣቸው ከርማ፣
ፊቴ ከበበ፣ አንገቴ ደነደነ፣
ሆዴ ላይ ሐምራዊ ስንጥቅ እንደ ወንዝ ካርታ ተዘረጋ።
ጎረቤቴ «ደላሽ» አለች፤ ሐኪሙ «ጨረቃ ፊት» ብሎ ጻፈ።
ጨረቃ ተብላ የምትከፋ ሴት ማን ናት?
ፈገግ አልኩ፤
ስመ በሽታ መሆኑ የገባኝ ጊዜው ካለፈ።

በአፍንጫዬ ገብተው ለቀሟት።
አራት ዓመት ዝም አለች፤ ከዚያ ተመለሰች።
ያን ጊዜ ላዩን ትተው ታቹን ያዙ፤
ሁለቱንም ቆቦች አወለቁ፣
ኩላሊቶቼ ራሳቸውን ተገልጠው ቀሩ።
«ዳንሽ» አሉኝ።

መዳን፦ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀትር፣ ከዚያ አሥር ሰዓት፤
ክኒን፣ ክኒን፣ ግማሽ ክኒን፣ የዕድሜ ልክ ሥርዓት።
ቦርሳዬ ውስጥ መርፌ፤ አንገቴ ላይ ትንሽ ብረት፣
መንገድ ላይ ብወድቅ ለማያውቀኝ መንገደኛ የተጻፈበት።
ሌላው ሰው ሲደነግጥ ሥጋው ይደነግጥለታል፤
እኔ ድንጋጤዬን የምገዛው ከመድኃኒት ቤት ነው።
ትኩሳት፣ እጥፍ። ጥርስ ማስነቀል፣ እጥፍ።
ሐዘን ግን ስንት እንደሚዋጥለት
ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የካቲት ነው፤ ባሕሩ ዳር ዳሩን ግግር ይዟል፤
ኤንደል መረብ ሊጠግን ወደ ጎጆው እንደ ሄደ ቀረ።
ተደፍቶ አገኘሁት፣ ክሩ ጣቱ ላይ እንደ ተጠመጠመ፤
ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣
መልሼ ዘጋሁት።
ወደ ቤት ሄድኩ። ውሃ ቀዳሁ።
ሁለት ቆጠርኩ፣ ሦስተኛ ጨመርኩ፣ ዋጥኩ፣
ሰዓት አየሁ፤
ከዚያ ሄጄ አለቀስኩለት።
እህቱ ሳልሜ በመስኮት አይታኛለች፤ እስከ ዛሬ
«ወንድሜ ወድቆ እሷ ውሃ ትጠጣለች» ትላለች።
እውነቷን ነው። ጠጥቻለሁ።

«ስሜትዎስ? ከአንድ እስከ አምስት?»
አሳ አጫሹ ላይ ክዳኑን ደፋሁ።

ቆዳዬ እየጠቆረ ነው፤ የክርኔ እጥፋት፣ ድዴ፣ የድሮ ጠባሳዬ።
በበጋ ከጀልባው የሚወርዱ ጎብኚዎች
«ፀሐይ ወደሻል» ይሉኛል።
ፀሐይ አይደለም፤
ከላይ የተረፈችው ፍንጣሪ ናት፤
ያዘዘቻቸው «አቤት» የማይሏት፣
ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ደግማ ደጋግማ
ባዶ ቤት የምትጣራ።
በየመጋቢቱ ጀልባ፣ አውቶቡስ፣ ከዚያ የሚያጓራው ቱቦ፤
«ግማሽ ሚሊ ሜትር» ይሉኛል። አንዳንዴም «ምንም»።
በ«ምንም» ዓመት ከታርቱ ገበያ ጓንት እገዛለሁ፤
መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ ጥንድ አለኝ።

«ይኼ የት ይገባል?» አልኳት።
ወረቀት ገለበጠች። «‹ሌላ› የሚል ሣጥን አለ፤
አጭር ከሆነ።»

አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።
«አንዴ ጠብቂኝ ልጄ» አልኩና
ግማሿን ክኒን ከመሐረቤ ፈታሁ።
ጠበቀች።
ዓሣው ሲንጨረጨር፣ እኔ ስውጥ ሰማች፤
ስንት እንደ ሰጠችው አላውቅም።