ስም ያልወጣለት ሥጋ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከወፍጮው ፊት ለፊት፣
አባቴ ሥጋ ቤት ነበረው ከጥንት።
ጭጋግ ከጦሳ ላይ ሲወርድ በጠዋት፣
እሱ ካራ ስሎ፣ እኔ ይዤ መብራት፣
በመንጠቆው በሬ ጣቱን እያስጓዘ፦
«ይሄ ሻኛ ነው፣ ዘይኑ፤ ማጅራት የያዘ።
ሽንጥ ከወገብ ነው፤ ፍርምባ ከደረት፤
ጎድንን ሳትለዪ አትንኪ ዳቢት።»
እንዲህ እያስቆጠረ፣ ሲያስተምር በስለት፣
ፊደል ሳልቆጥር ነው በሬ የቆጠርኩት።

አንዲት ስስ ቁራጭ ግን፣ ከሳንባ በታች፣
ከጉበት በላይ ላይ እንደ ዳስ የሰፋች፣
ዙሪያዋ ቀይ ሥጋ፣ መሃሏ ነጭ ጅማት፣
ቆርጦ ይጥላት ነበር ደጅ ለቆመች ድመት።
«የእሷስ ስም ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።
ካራውን አበሰ። «ለማይሸጥ ሥጋ ማን
ስም ያወጣል፣ ልጄ?»

ዓመታት አለፉ። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣
በፎርማሊን ጠረን ዓይኔን አስለቅሼ፣
መምህሩ ሲገልጡ የሬሳውን ደረት
ወዲያው ነው ያወቅኋት፣ ያችን የድመት ራት።
ለካስ ስም ነበራት፤ ድያፍራም ይሏታል፤
ስሙ የባዕድ ነው፤ ሥራው ግን ያውቀናል።
ስትወርድ ዝቅ ብላ፣ ሆድን ገፋ አድርጋ፣
የደረት ቤት ይሰፋል፤ ነፋስ ይገባል ለጋ።
ስትመለስ ሽቅብ ጉልላት ትሆናለች፤
ያገለገለውን ነፋስ ትሸኛለች።
በጎድንና ጎድን መሃል ድርብ ሥጋ፣
አንዱ ወዲህ ያዘመ፣ አንዱ ወዲያ የተጠጋ፣
ድርና ማግ ሆኖ፣ ሲሳብ በዝምታ
ጎድንን ያነሳል እንደ ባልዲ እጀታ።
ሽንጥ ያልነውም ለካ፣ የሚዛኑ ጌታ፣
ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይታገላል ማታ ማታ።
አንገት ግን ያርፋል ሰው ደህና የዋለ ለታ፤
ጎረቤት ነው እሱ፤ ይጠራል በእሪታ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ፈተናውን አለፍኩ።
የገባኝ ግን ኋላ ነው።

አንድ የሐምሌ ሌሊት፣ ደሴ ዶፍ ወርዶባት፣
አባቴን አመጡት ደግፈው ከብብት።
ተኛ ቢሉት እምቢ፤ በጉልበቶቹ ላይ
መዳፎቹን ተክሎ፣ ኮርኒሱን ሲያይ፣
ባንገቱ ግራ ቀኝ ሁለት ጠፍር ብቅ አለ፣
ከጆሮው ሥር ወርዶ ፍርምባን አንጠለጠለ።
በጎድኖቹ መሃል፣ ትንፋሽ በከበደ
ቁጥር፣ ቆዳው ሁሉ ወደ ውስጥ ሰረጎደ።
ጎረቤት ተጠርቷል።
የሠላሳ ዓመት ጢስ፣ የጥብሱ ምድጃ፣
ሳንባውን ነፍቶ፣ ያቺን ዳስ እንደ ስጋጃ
አንጥፏት ኖሯል።

ኦክስጅን ሰካንለት። መድኃኒት ተነፋ።
ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ዝናቡም ሲያባራ፣
ከጎድኑ ጠርዝ ሥር መዳፌን አኑሬ፦
«አባዬ፣ እዚህ ጋ ነው። ባንገት አይደል ዛሬ።
ትከሻህን ተወው። እጄን ግፋ በሆድህ።
እፍ በል ቀስ ብለህ፤ ፋኖሱ እንዳይጠፋብህ።»

መጀመሪያ እምቢ አለች።
ኋላ፣ እንደ ድመት ጀርባ፣
መዳፌን ቀና አድርጋ
ትንሽ ተነሳች፤
ተኛች፤
ደግማ ተነሳች።

«ዘይኑ» አለ ቆይቶ፣ ቃሉን ቆራርጦት፣
«ምኔን ነው የያዝሽው?»
«ያቺን ስም የለሽ ነዋ፣ ለድመት የምትጥላት።»
ዝም አለ። ዓይኑ ብቻ ሄደ ወደ ድሮ፣
ወደዚያ መንጠቆ። ከዚያ ሳቁ ጀምሮ
ሳል ሆነበት መሃል፤ የሆዱ ጡንቻ ሁሉ
ተሰብስቦ ገፋው። አክታው ወጣ በስሉ።
አፉን ጠረግሁለት።
«ታዲያ» አለኝ፣ ትንፋሹን እንደ ሳንቲም ቆጥቦ፣
«በኪሎ ስንት ነች?»

አልመለስኩለትም። ሰዓቴን አየሁ፤
ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አራት፣
ቁጥሩ ሲወርድ ቆየሁ።