አረንጓዴ እርሳስ

አንድ መኮንን ነው አሉ፣ በችኮላ፣
ካርታውን ዘርግቶ፣ ቁርሱን እንኳ ሳይበላ፣
አረንጓዴ እርሳስ በእጁ ስለነበረ፣
ኒቆስያን ለሁለት ያሰመረ።
ሰማያዊውን አንስቶ ቢሆን ኖሮ፣
ሰማያዊ መስመር ይባል ነበር የኛ ኑሮ።

እርሳሱ ግን ሁለት ነበረ።
አንደኛው ካርታው ላይ ቀረ፤
ሁለተኛው አጎቴ ሉኪስ ጎን ውስጥ ገብቶ አደረ።

ኤቭዶክያ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣
በሚኒስቴሩ ምድር ቤት፣
ታይፕ ስመታ ኖርኩ፣ ለኒውዮርክ፣ ለጄኔቫ፣ ለብራስልስ፣
ሚኒስትር ሲሄድ ሚኒስትር ሲመጣ፣
ያችኑ ዐረፍተ ነገር ስደግም፣ ስመልስ፦
«መስመሩ ድንበር አይደለም፤
አገራችን እዚህ ላይ አታበቃም።»
ነጠላ ሰረዟን ሳይቀር አውቃታለሁ።
እውነት ናት። ዛሬም እምልላታለሁ።
የአባቴ ብርቱካን ሞርፉ ነው፣ ከመስመሩ ማዶ፤
የይዞታው ወረቀት እኔ መሳቢያ ውስጥ፣
ማኅተሙ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ነዶ።
ፍሬውን ሌላ ሰው ይለቅማል፤
ሕጉ ግን ያንቺ ነው ይለኛል።

ባለፈው ግንቦት፣ በሁለቱ ጦር መካከል፣
ሣሩ ወገብ በሚደርስበት፣ ማንም በማያርሰው ክልል፣
ድንኳን በቀለ።
ጋዝዋን የዴር ኤዞር ሰው ነው፣ ፀጉር አስተካካይ፤
ከሰሜን በሌሊት ገባ፣ ልጁ ሪማስ ጀርባው ላይ።
ከደቡቡ ኬላ ደርሶ «ጥገኝነት» አለ፣ ያጠናትን አንድ ቃል።
ፖሊሱ የኔን የመጨረሻ ልጅ ያክላል፤
ትእዛዙን ከስልኩ ያነብባል፦

«ይሄ ድንበር አይደለም፤ ስለዚህ አልተሻገርክም።
ካልተሻገርክ አልገባህም።
ካልገባህ ማመልከቻ አንቀበልም።»
«ድንበር ካልሆነ ታዲያ ልለፍ?»
«ማለፍ አይቻልም።»

እዚያው ነበርኩ፣ ውሃና ዳቦ ይዤ፤
የራሴን ዐረፍተ ነገር ከሰው አፍ ሰማሁ፣ ፈዝዤ።
የኔው ናት። በነዚህ ጣቶች የመታኋት።
አገሬን እንድትመልስ ነበር የላክኋት፤
ሰው ስትመልስ አገኘኋት።

ጠበቃ አርጊሮ መጥታ አንቀጽ ሠላሳ ሦስትን አነበበች፦
ሰውን ወደሸሸው እሳት አትመልስ፣ አለች።
ጋዝዋን በጥሞና ሰማና፦
«‹አትመልስ› የተባለው ማነው?»
«መንግሥት።»
«እዚህ ያለው መንግሥት የቱ ነው?»
ባለሰማያዊ ቆቡ ወታደር ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን አየ።
ሪማስም አብራ አየች፣
አውሮፕላን የሚያልፍ መስሏት።

ሐሙስ ሐሙስ ጋዝዋን ፀጉር ይቆርጣል።
የቢራ ሳጥን ይገለብጣል፣
ካሜሩናዊውን፣ አፍጋኑን፣ ተራ በተራ ያስቀምጣል።
አንድ ሐሙስ የሰላም አስከባሪው መቶ አለቃ ራሱ መጣ፣
እኅቱ ልታገባ ነው አሉ፤ አንገቱን ሰጠ፣ ከሳጥኑ ላይ ወጣ።
ነፋስ ተነሳ። የተቆረጠው ሁሉ፣ ጥቁሩ ከቢጫው ተቀላቅሎ፣
ወደ ደቡብ አለፈ፣ በኬላው አናት፣ ቀሎ።
ፖሊሱ ከትከሻው አራገፈው፤
ከየት መጣህ አላለው።

ትናንት ማታ ለሚኒስትሩ ልጽፍ ተቀመጥኩ።
ቀኑን ጻፍኩ። ክቡር ሆይ፣ አልኩ።
«መስመሩ ድንበር አይደለም» ሲል ጣቴ ቀደመኝ፣ ለምዶ፤
«ስለዚህ» ብዬ ቀጠልኩ፣
እዚያ ላይ ቆመ፣ ጣቴም ልቤም ከዳኝ፣ በረዶ።
በመሳቢያው ውስጥ፣ ከይዞታው ወረቀት ሥር፣
በስድስት ዓመቴ የተሰጠኝ ካርድ አለ፤
«ተፈናቃይ» ይላል፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ እንደዋለ።
ሌሊቱ አለቀ። «ስለዚህ» ብቻውን ነጋበት።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ዳቦዬን ይዤ ልወጣ ነው።
ሪማስ እርሳስ አምጪልኝ ብላኛለች።
«ምን ዓይነት ቀለም?» ብላት፣ አፍንጫዋን ሸበሸበች፦
«የፈለግሽውን። አረንጓዴ ብቻ አይሁን» አለች፤
«ሣር ሰልችቶኛል።»