የብርጭቆው ልክ

ሙሐረቅ፣ ከዒሻ በኋላ፣ ኤሲው ሲያጉረመርም፣
ማማ ሙኒራ ከወንበሯ አትነሣም፣ እኔም አልቀመጥም፤
ቆሜ ነው የማየው፣ ፎጣዬ ትከሻዬ ላይ፣
አስቂኙ ድራማ ሲጀምር፣ ሳቁ ሲንጣጣ፣ የሚስቀው ሳይታይ።

ሰባት ሰው፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ አረንጓዴ ሶፋ፤
አባትየው የጋመሰው ሻይ፣ ካሜራው ዞር ሲል፣ ሞልቶ ሊደፋ!
ማን ቀዳለት? ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ናት፣ ገና አልተጠራችም፤
ሻይ ደግሞ፣ እኔን ጠይቁኝ፣ በእግሩ መጥቶ አይቀዳም።
የግድግዳው ሰዓት በነሱ አሥር ከአሥር፣ በእኛ አራት፤
ለሱሑርም እዚያው ነው፣ ለምሳም፣ ለራት።
ልጁ ደረጃውን ሲጀምር ጫማው ጥቁር ነበረ፤
ፎቅ ሲደርስ ቡኒ። በስንተኛው ደረጃ ቀየረ?

ዓይኔን የሳለው ይሄ ቤት ነው። በመጣሁ ሰሞን
ጃሲም ስልኩን ዘረጋልኝ፣ ፎቶ አንሥቶ ሳሎኑን፦
"እንዲህ ነበር" አለ፤ "ሁልጊዜ እንዲህ ይሁን።"
ሽቶው ከመስታወቱ አንድ ጣት፣ ትራሱ በማዕዘኑ ቆሞ፣
የሟቹ ባሏ መቁጠሪያ ከመነጽሩ ቀድሞ።
አቧራውን ጠርጌ ዕቃውን ከነጥላው እመልሳለሁ፤
ስምንት ዓመት ያንኑ ትዕይንት ሳላዛንፍ አዘጋጃለሁ።
እነዚያ ግን፣ ለዚሁ ተከፍሏቸው፣ አንዲት ብርጭቆ ይስታሉ፤
ስተውም፣ ማንም ሳይቆጣቸው፣ በላዩ ይስቃሉ።

መጀመሪያ ስነግራት ማማ ሙኒራ መነጽሯን ጠርጋ፣
"ወላሂ!" ብላ ጭኗን መታች፤ ሳቋ ሳይበርድ ሊነጋ።
ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ይኸው ነው፤ ስህተት ላገኘ አንድ ቴምር፤
እሷ ብትረታም የምበላው እኔ ነኝ፤ ስኳሯ አያስደፍር።

ትናንት፣ ዘጠነኛው ክፍል ላይ፣ ገባች ትሪ ይዛ፣
ሠራተኛዋ። ሁለት ቃል ነው ያላት፦ "ሐዲር ማዳም"፣ አንገቷን ደፍታ፣ ደንዝዛ።
"ሜሪ!" አላት አባትየው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ሊሊ ነበረች፤
አምስተኛው ላይ ኩማሪ። ያው ፊት፣ ያው ሽርጥ፤ ለሦስቱም አቤት አለች።
ማማን አየኋት፤ ዓይኗ ከሻዩ ብርጭቆ አልተነቀለም፤
"ዛሬስ ልክ ናቸው" አለች። "አየሽ ሊና፣ ስህተት የለም።"

ሊና እኔ ነኝ። ደብሪቱ ነበርኩ ከከሚሴ ስሳፈር፤
ፓስፖርቱ ላይ ሐያት፣ ደላላው አምስት ዓመት ጨምሮልኝ ስበር።
እዚህ በር ላይ "ሐያት የእህቴ ስም ነው" አለች ምራትየዋ፤
"ሊና በሏት።" የቀድሞዋም ሊና ነበረች፤ ከሽርጡ ኪስ ገና አልወጣም የጸጉር መርፌዋ።

ልናገር አፌን ስከፍት፣ "ኸሊፋ ዘገየ" አለች፤
በሩን እያየች መቁጠሪያውን በጣቷ ጫፍ ነካች።
ከተቀበረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።
እንዲህ ያለውን አላርምም፤ ቴምርም አልጠይቅበት።
"መንገዱ ተዘግቶበት ነው" አልኳት፣ "ድልድዩ ላይ ቆሞ፤
ይደርሳል። ራቱንም አሙቄለታለሁ ደግሞ።"

እሷ ተኛች። ሳህኑ ላይ አንዲት ቴምር፣ ማንም አሸንፎ ያልወሰዳት፤
ለሜሪ፣ ለሊሊ፣ ለኩማሪ ብዬ በላኋት።
ፍሬዋን አጥቤ በመነጽሩና በመቁጠሪያው መካከል አኖርኩ፣
ጃሲም ፎቶ ላይ የሌለች። ነገ ማን እንደሚያያት እንጃ።
ከዚያ በጨለማው፣ ማማ ወንበር ላይ፣ ትንሽ ተቀመጥኩ።