ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ

መብራት ሄዶ ወፍጮው ዝም ባለ ጊዜ
የይዘንጋው ሬዲዮ ደረሰልን፣ ወሬ ይዞ እንደ ሚዜ፦
«የሴፍቲኔቱ ማሻሻያ ከሽፏልና ከነሥሩ
ይነሡ ይላሉ አባላት፣ ሚኒስትሩ።»
ወፍጮ ቤቱ በአንድ አፍታ ሆነ ችሎት ማስቻያ፤
ስልቻ ላይ ተቀመጥን፣ በየዕድ ውኃ ገበያ።

«ይውረድ!» አለ ይዘንጋው፣ ዱቄት ከቅንድቡ እያራገፈ፣
«እኔን ሩብ ኪሎ ብስት ስንቱ ሰድቦኝ አለፈ!
አንድ ወረዳ ሙሉ ጦሙን ያሳደረ
በየትኛው ሚዛን ነው ወንበሩ ላይ የቀረ?»

መምህር ቢተው ሳቀ፦ «እሺ፣ ይሂድ እንበል፤
ሌላው ይምጣ፣ ያንኑ ወንበር አራግፎ ይቀበል፤
ደግሞ አዲስ ስም ይውጣ፣ ደግሞ አዲስ ቅጽ ይታደል።
በቁና ነበር፣ በካርድ ሆነ፣ ካርዱም ስልክ ሆነ፤
እህሉ ግን በየለውጡ እየሳሳ መነመነ።»

እኔ ዝም አልኩ።
የቀበሌ ጸሐፊ ነኝ፤ ዝምታ ደሞዜ ነው።

የተረጂውን መዝገብ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ከርሜ ፊደል ያኮራኛል፣ ይቅር ይበለኝ።
ጸዳለ አጉማሴ ነኝ ስትል፣ ባሏ የሞተባት፣
«ጸዳል በጸሎቱ ጸ ነው» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩላት።
መታወቂያዋ ላይ ግን አንድ የቸኮለ ልጅ
በፀሐዩ ፀ ጽፏት ኖሯል፤ ስሟ ቆመ በሁለት ደጅ።

አዲሱ ኮምፒውተር መጣ። ሁለቱን ስም አስተያየ፤
አንዲቱን ሴት ሁለት አድርጎ፣ እንደ ጤፍና ገለባ ለየ፤
አንደኛዋ «የለችም»፣ ሁለተኛዋ «አልተመዘገበችም»፤
ከሁለቱ ጸዳለዎች አንዷም እህል አላገኘችም።
ሰባት ወር። ሰባት ጊዜ ከቆላው ወጥታ ተመለሰች፤
በሰባተኛው ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ከፀሐይ ተከለለች።

ይህን ሚኒስትሩ አያውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር።
ያልተዛመዱ ስሞች ዝርዝር በየወሩ ሲመጣ
አንዲት ፊደል መለወጥ ነበር፣ ከዚያ በላይ የለው ጣጣ።
«ጸዳልን በፀሐዩ ፀ? እኔ ቆሜ እያለሁ!» አልኩ።
ትክክል ነበርኩ።
በትክክለኛ ፊደል ሰው አስራብኩ።

ታዲያ ይነሣ ወይ? አዎ፣ ይነሣ።
ሪፖርቱን «ዘጠና በመቶ ተሳክቷል» ብሎ ያነበበ፣
የቀረው አሥር በመቶ ሰው መሆኑን ያላሰበ፣
ስልክ የሌላትን አሮጊት «መልእክት ይደርስሻል» ያለ
ይነሣ! ከተነሣ በኋላ ግን ማን ነው ያልበደለ?
ከዚያ ወንበር እስከዚህ፣ እስከ እኔዋ ዱካ፣
አንድ እግሯን በካርቶን እስካስደገፍኳት፣
ስንት መቀመጫ አለ ማንም ያልነካካ?

ጸዳለ ከጥግ ሆና ስትሰማን ቆየችና
«ይኸ የሚወርደው ሰውዬ» አለች፣ «የሚቀምሰው አለው?
መዝገብ ይግባ እንዳትሉ፤ ወረፋውን እኔ አውቀዋለሁ።
ለመሆኑ የሱ ስም ስንት ዓይነት ነው የሚጻፈው?»
ሰው ሁሉ ሳቀ።
እኔ የስልቻ ክር እፈታ ነበር።

አቤቱታ ይጻፍ ተባለ። «ያንተ ጽሕፈት ያምራል» አሉኝ።
«እኛ የየዕድ ውኃ ነዋሪዎች…» (አንዱ ውሃ፣ አንዱ ውኃ ይለዋል፤
ከተማዋን ግን እስካሁን ማንም ከመዝገብ አልፋቃት)
«…ሚኒስትሩ ይነሡልን ዘንድ» ብዬ ጨረስኩት።
ከሥር የራሴን ስም አስቀደምኩ፤
ለመፈረም ይሁን አብሮ ለመነሣት ገና አልወሰንኩም።

ስሟ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ።
የመጀመሪያዋን ፊደል ዘለልኩና «ዳለ» ብዬ ጻፍኩ፤
«እዚህ ባዶው ላይ» አልኳት።
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነችው፣ ጠበቅ አድርጋ።

መብራት መጣ። ወፍጮው ጮኸ።
ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ
ዱቄት ይወርድበት ጀመር።